ፋይሉ ላይ የሰፈረች አንድ መስመር፦ የውሻና የድመት ኢንሹራንስ ለማን ይሰጣል? ምን ይሸፍናል?

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ድመታችን የሚጸዳዳበት አሸዋ ሳጥን ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ሰምቼ ነቃሁ። ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከዚያ መጮህ ጀመረ፤ ድምፁ የድመት አይመስልም። ወንድ ድመት ሽንቱ ከተዘጋበት እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። የሽንት መውጫው ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይደፈናል፤ ሽንቱ መውጣት ሲያቅተው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያውካል። ሳይታከም ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይሞታል። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ ነውና ሌሊቱን ክፍት ወደሆነ የእንስሳት ሆስፒታል ይዘነው በረርን።

እንግዳ ተቀባይዋ ያቀበለችን ወረቀት ሁለት ዓምድ ነበረው። በግራ ዝቅተኛው ግምት፣ በቀኝ ከፍተኛው። የግራው 2,900 ዶላር፣ የቀኙ 4,300። ሕክምናው እንዲጀመር የግራው መጠን እዚያው በካርድ መከፈል አለበት። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ኢንሹራንስ አለው አይደል?» አለችኝ። ነበረው። አምስት ወር ሙሉ ሳናቋርጥ ከፍለንለታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኩባንያው የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ነባር ሕመም ስለሆነ አይሸፈንም። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? ኢንሹራንሱን ከመግዛታችን ሁለት ወር በፊት ለክትባት በወሰድነው ቀን ሐኪሟ ፋይሉ ላይ የጻፈቻት አንዲት መስመር ናት። «ባለቤቱ እንደሚሉት አልፎ አልፎ ወደ ሳጥኑ ይመላለሳል» ትላለች። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ድመቱን ወደ መያዣው እየመለስኩ፣ እንደ ወሬ።

እዚህ አገር ውሻ ወይም ድመት ያላቸው ሐበሾች እየበዙ ነው። ልጆች ይለምናሉ፣ ወላጅ እየተነጫነጨ ይስማማል፣ በዓመቱ ውሻውን በብርድ የሚያንሸራሽረው ያው አባት ይሆናል። «ኢንሹራንስ ግዙለት» የሚል ማስታወቂያም ከየአቅጣጫው ይመጣል። ችግሩ ቃሉን ስንሰማ የምናስበው የራሳችንን የጤና ኢንሹራንስ መሆኑ ነው። ከ2014 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ «ስኳር ስላለብህ አንቀበልህም» ማለት በሕግ ተከልክሏል። የውሻና የድመት ኢንሹራንስ ግን የዚያ ቤተሰብ አይደለም። በሕጉ ዓይን ውሻ ንብረት ነው፤ ኢንሹራንሱም የሚመደበው ከመኪናና ከቤት ኢንሹራንስ ጎራ ነው። ጭስ ከጀመረ ቤት ላይ የእሳት ኢንሹራንስ የሚሸጥ የለም። እድርን አስቡት፤ ሰው ከሞተ በኋላ «መዝግቡኝ» የሚልን የትኛው ዳኛ ይሰማዋል?

የንብረትነቱ ነገር ከታሪኩም ይታያል። ይህ ሥራ የተጀመረው ለሶፋ ላይ ውሻ አይደለም። በ1890 ስዊድን ውስጥ ክላስ ቪርጂን የሚባል ሰው ያቋቋመው ድርጅት ዋስትና ይሰጥ የነበረው ለፈረስና ለከብት ነው፤ የገበሬው ሀብት እነሱ ነበሩና። የመጀመሪያው የውሻ ውል እዚያው ስዊድን በ1924 ተጻፈ፤ ዛሬም በስዊድን አብዛኞቹ ውሾች ኢንሹራንስ አላቸው። እንግሊዝ በ1947 ተከተለች። አሜሪካ የደረሰችው በ1982 ሲሆን የመጀመሪያዋ ደንበኛ በቴሌቪዥን የታወቀችው ውሻ ላሲ ነበረች። የእኛም አገር ታሪክ የሚጀምረው ከከብት ነው። ከ2012 ጀምሮ ቦረና ውስጥ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ፣ ድርቅ ሲበረታ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍል ኢንሹራንስ ተሞክሯል። እዚያ ላይ የላሟን ፋይል የሚያገላብጥ የለም፤ የሚለካው ሣሩ ነው። አንዳንዴ እቀናለሁ።

ወደ ጉዳያችን። ለመመዝገብ የሚጠየቀው መስፈርት ራሱ ከባድ አይደለም። ቡችላው ወይም ግልገሏ ድመት ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት መሙላት አለበት፤ ቁጥሩ እንደ ኩባንያው ይለያያል። በዕድሜ ጣሪያ ላይ ኩባንያዎች አይስማሙም። አንዳንዶቹ 14 ዓመት ያለፈውን አዲስ አይቀበሉም ወይም ለአደጋ ብቻ ይቀበሉታል፣ አንዳንዶቹ ጣሪያ የላቸውም። በዘር ምክንያት እምቢ ማለት ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ዘሩ የሚታየው ዋጋው ላይ ነው። ፍሬንች ቡልዶግ በ2022 በአሜሪካው የውሾች መዝገብ ላብራዶርን ከ31 ዓመት ንግሥናው አውርዶ አንደኛ ሆኗል። ፊቱ ያምራል፤ ነገር ግን ያ የተጨፈለቀ አፍንጫ መተንፈስ ያስቸግረዋል፣ አከርካሪውም ችግር አያጣውም። ይህን ኩባንያዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሂሳቡንም በዚያው ልክ ይሠሩታል። ከየጎዳናው የተዳቀለ ውሻ ያለው ሰው በዚህ በኩል ይስቃል።

ከተመዘገቡ በኋላ የመጠበቂያ ጊዜ አለ። ለአደጋ፣ ማለትም መኪና ሲገጨው ወይም አጥንት ሲሰበር፣ ከዜሮ እስከ ሁለት ሳምንት። ለሕመም አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን። ለጉልበት ጅማት ግን ስድስት ወር የሚያስጠብቁ አሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የታየ ምልክት ሁሉ ከግዢው በፊት እንደነበረ ይቆጠራል። ሰኞ ገዝቶ ሐሙስ ማስመለስ የጀመረ ውሻ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ያ ማስመለስ በኋላ የሌላ በሽታ መጀመሪያ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያ በሽታ ለዘለቄታው ከውሉ ሊወጣ ይችላል።

ሁሉ ነገር የሚያጠነጥነው ነባር ሕመም በሚባለው ላይ ነው፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ነባር ሕመም ማለት ሐኪም ስም ያወጣለት በሽታ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ውሉ የሚለው «ምልክት የታየበት» ነው። ስሙ ያልታወቀ፣ ያልታከመ፣ ያልተመረመረ ቢሆንም፣ ምልክቱ ፋይሉ ላይ ከሰፈረ በቂ ነው። የካሳ ጥያቄ ስታስገቡ ኩባንያው የሚጠይቀው ደረሰኙን ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያየው ሐኪም ሁሉ የጻፈውን ነው። አንድ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ክትባት ጀምሮ ያነባል። «ትንሽ ያነክሳል»፣ «ጆሮውን ያካል»፣ «ውሃ ያበዛል»፤ እነዚህ ለሐኪሙ የዕለት ማስታወሻ ናቸው፣ ለኩባንያው ግን የጅማት፣ የአለርጂ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

የጉልበቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ይገርማል። የውሻ የኋላ እግር ጅማት ሲበጠስ ቀዶ ሕክምናው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። አንዱ ጉልበት የተበጠሰበት ውሻ ሌላኛውም የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ውሎች «የሁለት ጎን» የሚል አንቀጽ አላቸው። ግራው ከግዢው በፊት ታሞ ከነበረ ቀኙም አይሸፈንም፤ ደህና የነበረው እግር በታመመው ዕዳ ይያዛል ማለት ነው።

የሚድንና የማይድን የሚባል ልዩነት ግን አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስኳር፣ የኩላሊት ድካምና አለርጂ አንዴ ከተመዘገቡ አይነሡም። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ተቅማጥ፣ የሽንት መንገድ ኢንፌክሽን የመሳሰሉትን ግን አንዳንድ ኩባንያዎች ያለ ምልክትና ያለ ሕክምና ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ካለፈ እንደ አዲስ ይቆጥሯቸዋል። ሌሎቹ እስከ ዕድሜ ልክ ይይዙታል። ሁለት ውሎችን ስታወዳድሩ ከወር ክፍያው በፊት መታየት ያለበት ይህ አንቀጽ ይመስለኛል።

አሁን ገንዘቡ። ከሰው ኢንሹራንስ በተለየ፣ ካርድ አሳይቶ መታከም የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም። ሙሉውን ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ትልካላችሁ፣ ድርሻችሁ ይመለሳል። ለሆስፒታሉ በቀጥታ የሚከፍል ኩባንያ አለ፤ ትሩፓኒየን በዚህ ይታወቃል፤ ያም ቢሆን ሆስፒታሉ ከሥርዓቱ ጋር የተገናኘ መሆን አለበት። ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው በዚያች ሌሊት ካርዱ ላይ ሦስት ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል። ይህን ነገር ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፎ አላየሁትም።

የእኛ ሂሳብ በመጨረሻ 3,700 ዶላር ወጣ። ውላችን ዲዳክቲብሉ (ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችን የሚወጣው) 500፣ ተመላሹ 80 በመቶ ነበር። ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ከ3,700 ላይ 500 ይነሣና ከቀሪው 3,200 ላይ 80 በመቶው፣ 2,560 ዶላር ይመለስልን ነበር። አንዳንድ ኩባንያ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ 80 በመቶውን አስልቶ 2,960 ካደረሰ በኋላ 500ውን ሲቀንስ 2,460 ይሆናል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ መቶ ዶላር ግን በመሐል ጠፋ። ዲዳክቲብሉ በዓመት አንዴ ነው ወይስ ለእያንዳንዱ በሽታ? ይህም ያለያያል። ዕድሜ ልኩን አንድ በሽታ ለሚታከም ውሻ ሁለተኛው ይሻላል፤ ዛሬ ካልሲ፣ ነገ ቸኮሌት ለሚውጠው ደግሞ ዓመታዊው። ኩባንያው ለሚከፍለውም ጣሪያ አለ፤ በዓመት 5,000 ወይም 10,000 ዶላር የሚል አለ፣ ገደብ የሌለውም ይሸጣል።

አደጋና ሕመም የሚሸፍነው ውል ምርመራን፣ ራጅን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ አልጋ መያዝን፣ መድኃኒትን፣ የካንሰር ሕክምናን ጭምር ያካትታል። ውሻው ዘቢብ በላ፣ ድመቷ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ያለውን ሊሊ ቀመሰች (ሊሊ የድመትን ኩላሊት ያወድማል፤ ድመት ያለበት ቤት እቅፍ አበባ ይዞ መሄድ የሚወድ ሰው ይህን ይያዝልኝ)፣ ይሸፈናል። ከሚቀሩት ውስጥ ሰው የማይጠብቀው የሐኪሙ የማየት ክፍያ ነው፤ ሕክምናው ተሸፍኖ ያቺ ከሰማንያ እስከ መቶ ዶላር ከኪስ የምትሆንበት ውል ሞልቷል። ጥርስ ሌላው ነው፤ በብዙ ውሎች ወድቆ የተሰበረ ጥርስ ይሸፈንና የድድ በሽታ አይሸፈንም። የሐኪም ትእዛዝ ያለው ምግብ፣ እርግዝናና መውለድ፣ ለመልክ ሲባል ጆሮና ጅራት መቁረጥ፣ እነዚህም በአብዛኛው የሉበትም። ክትባት፣ ማምከን፣ የቁንጫ መድኃኒት ደግሞ «ዌልነስ» በሚል ስም ለብቻ የሚሸጥ ነገር ነው፤ እሱን ኢንሹራንስ ባልለው ይሻላል። የዓመቱን ክፍያ ደምሩና ከሚመልሰው ጋር አስተያዩት፤ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የሚተርፈው ለሻጩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠይቀውኝ ስለሚያውቁ። ውሻችሁ ሰው ቢነክስ ይህ ውል አይደርስላችሁም። እሱ የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፤ እነሱም በዘር የሚለዩበት ጊዜ አለ፣ ፒትቡልን አንቀበልም የሚሉ አሉ። ኒውዮርክ በ2021 ባወጣችው ሕግ የቤት ኢንሹራንስን በውሻ ዘር መከልከልን አግዳለች፤ ሌላ ቦታ የምትኖሩ ግን አከራያችሁን ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ።

ስንት ይጠይቃል? የሰሜን አሜሪካው የቤት እንስሳት ጤና ኢንሹራንስ ማኅበር እንዳወጣው፣ በ2023 አደጋና ሕመም የሚሸፍን ውል በአማካይ ለውሻ በዓመት ወደ 676 ዶላር፣ ለድመት ወደ 383 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ውል ያላቸው እንስሳት ወደ 5.7 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ውሻና ድመት ዛሬም ያለ ኢንሹራንስ ነው የሚኖረው። አማካዩ ደግሞ ያታልላል። ዛሬ ለቡችላ የሚጠየቀው ዋጋ ውሻው አሥር ዓመት ሲሞላው አይገኝም። ምንም ካሳ ባትጠይቁም ከዕድሜውና ከሕክምናው ዋጋ ጋር በየዓመቱ ይወጣል። ያኔ ኩባንያ ልቀይር ቢሉ እስካሁን የታመመው ሁሉ ለአዲሱ ኩባንያ ነባር ሕመም ነው። ስለዚህ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም። ኩባንያው ራሱ የሄደ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2024 የዘርፉ አንጋፋ የሆነው ኔሽንዋይድ የሕክምና ዋጋ መናርን ጠቅሶ ወደ 100,000 የሚጠጉ ውሎችን እንደማያድስ አስታውቋል። ከነሱ መካከል ያረጀና የታመመ ውሻ የያዘ ሰው ወዴት ይሄዳል?

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። እዚያ የዕድሜ ልክ የሚባለውና በጊዜ የተገደበው ውል ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በጊዜ የተገደበው ርካሽ ነው፣ ግን ለአንድ በሽታ የሚከፍለው ለ12 ወር ነው፤ ከዚያ ስኳሩም አለርጂውም የእናንተ ነው። የሕክምናው ዋጋ ራሱ እዚያም ጩኸት ስላስነሣ የአገሪቱ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ በግንቦት 2024 በእንስሳት ሐኪም ቤቶች ላይ መደበኛ ምርመራ ከፍቷል።

ሕጉ ትንሽ ትንሽ እየደረሰ ነው። ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ነባር ሕመምን፣ የመጠበቂያ ጊዜንና ጣሪያውን በግልጽ እንዲያሳውቁ አስገደደች። በ2022 ደግሞ የየግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለሁሉም የሚሆን አርአያ ሕግ አጸደቀ፤ በርካታ ግዛቶች ተቀብለውታል፣ ሜይን አንዷ ናት። በዚያ ሕግ መሠረት የሕመም መጠበቂያ ከ30 ቀን መብለጥ የለበትም፣ ለአደጋ ጭራሹን መጠበቂያ የለም፣ ዌልነሱንም ኢንሹራንስ እያሉ መሸጥ አይቻልም። ለእኔ ዋናው ግን ይህ ነው፤ ሕመሙ ነባር መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የኩባንያው ነው። የማይስማማ ሰው አቤት ሊል ይችላል፤ ኩባንያው ካልሰማ የግዛቱ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ይቀበላል፣ ክፍያም የለውም።

ታዲያ ይገዛ አይገዛ? ጤነኛ ቡችላ ላለው፣ በተለይ ዘሩ በበሽታ ለሚታወቅ ውሻ፣ እኔ ግዙ ባይ ነኝ፤ ገና ፋይሉ ባዶ ሳለ፣ በመጀመሪያው ወር። ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ከቤት የማትወጣ፣ ፋይሏ የወፈረ ድመት ላለው ግን በየወሩ ያንኑ ገንዘብ ለብቻው ማስቀመጥ የሚሻል ይመስለኛል፤ እቁብ የሚጥል ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። መሐል ላይ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪም ቤቱ ሙሉውን ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁና አንብቡት። ከተመዘገቡ በኋላ «ይህ እንስሳ ምን ምን ነባር ሕመም አለበት ትላላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ የሚጠየቅበት ኩባንያም አለ፤ መልሱ ካልጣማችሁ ውሉን መመለስ በሚፈቀድባቸው የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከአዲስ አበባ ውሻቸውን ይዘው የሚመጡ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ውሻ ወደ አሜሪካ ለማስገባት የሚጠየቀው ወረቀት በዝቷል። እንደገቡ ሙሉ ምርመራ ቢያስደርጉ መልካም ነው፤ እዚህ የሚከፈተው ፋይል በዚያ ይጀምራልና።

እኛ አቤት ብለናል። ሐኪሟ በክትባቱ ቀን የተመረመረው ሽንት ንጹሕ እንደነበር ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈችልን። ኩባንያው ውሳኔውን አልቀየረም፤ ግን ምልክት ሳይታይበት አሥራ ሁለት ወር ካለፈው እንደገና እናየዋለን አለ። ድመቱ አሁን ደህና ነው፤ ያንን ውድ ምግቡን፣ የማይሸፈነውን፣ እየበላ ይወፍራል። ሐኪም ጋ ስንሄድ እውነቱን መደበቅ እንደማይገባ እናውቃለን፤ የምንጎዳው እሱን ነውና። ቢሆንም ሐኪሟ ብዕሯን አንሥታ «ሌላ የታዘባችሁት ነገር አለ?» ስትል፣ ባለቤቴ ከድመቱ በፊት ዞራ የምታየው እኔን ነው።